ሦስተኛው ሻንጣ

መጋቢት 15፣ 2018

ይህ ደብተር የልጄ የፈቲሀ ነው። የአስራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ሦስት ገጽ ጽፋበት ትታዋለች። ገጾቹን ልቅደዳቸው አልኩና አሳዘኑኝ፤ ከአራተኛው ጀመርኩ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ማውራት አምጥቻለሁ። ትናንት ድስቱን "አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?" ስለው ደነገጥኩ። ከዚህስ መጻፍ ይሻላል፤ ጎረቤት አይሰማም።

ዛሬ እጣ ወጣልኝ! የኛ እቁብ የማይል እቁብ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ከኛ ሌላ እንዲህ ያለ ነገር ያለው አይመስለኝም። ስድስቱ አባላት ዕቃ ለማምጣት ቻይና የሚመላለሱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሰባተኛዋ ትኬት ቆራጫቸው እኔ ነኝ። በበረሩ ቁጥር አየር መንገዱ ማይል ይመዘግብላቸዋል፤ ማይሉ ሲጠራቀም ነጻ ትኬት ይሆናል። ማይል እንደ ብር አይዋጣም፤ ባለቤቱ ግን በራሱ ማይል ለሌላ ሰው ትኬት ማስቆረጥ ይችላል። እናም በየዓመቱ ከዒድ በኋላ እጣ እናወጣለን፤ እጣ ለወጣለት ሰው ተረኛው ባለ ማይል ያስቆርጥለታል። ሐሳቡ የኔ ነበር። ለኔ ግን ወጥቶልኝ አያውቅም።

የእቁቡ ዳኛ ሀጂ አብዱልሃፊዝ ወረቀቷን ዘርግተው "ባሂራ!" ሲሉ ከድጄ እልልታዋን አቀለጠችው። የዘንድሮዋ ባለ ማይል እሷ ናት። መጋረጃ ነጋዴዋ ከድጄ፣ ጓደኛዬ፣ የቻይናውን ጓንዡ ከቡታጅራ ገበያ ለይታ የማታይ ሴት።

"ለማን ልታደርጊው ነው?" አሉኝ ሀጂ።

"ለልጄ ነዋ! ለአረፋ ትመጣለች።"

ፈቲሀን ገና አልጠየቅኳትም። ምን ያስጠይቃል? ለአረፋ የማይመጣ የመስቃን ልጅ አለ እንዴ? ባህሬን ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ሞቶ ወደ አኼራ በሄደ በሰባተኛው ወር ነው የሄደችው። ትኬቷን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 16

ጠዋት ደወልኩ፣ አላነሳችም። ቀን ደወልኩ፣ አላነሳችም። የምትሠራበት ጸጉር ቤት ሥራ አያጣም።

ማታ ራሷ ደወለች። ምስል አልከፈተችም፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው አለች። የምሥራቹን ነገርኳት። ከኋላዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል፤ ጎረቤቶቿ መሆን አለባቸው።

"ሰማሽኝ?"

"ሰማሁሽ እማዬ። ደስ ይላል። ግን ፈቃድ ይሰጡኝ እንደሆነ…"

"ሦስት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ሳትወስጂ!"

"እስኪ አያለሁ።"

ትኬቱ ሁለት ሻንጣ እንደሚፈቅድ፣ እያንዳንዱ ሃያ ሦስት ኪሎ እንደሆነ፣ ሦስተኛ ሻንጣም ለምኜ እንደማስፈቅድላት ነገርኳት። "እሺ" አለች። ደስ ብሏት መሰለኝ ድምጿ ቀጠነ።

መጋቢት 25፣ አርብ

ገበያ። ቆሜ ዋልኩ። ከእንሴኖ የመጡ ወንድማማቾች ሪያድ ላለው ታናሻቸው፣ አንዲት እናት ደቡብ አፍሪካ ላሉት ሁለት ልጆቿ፣ ሌላዋ ኩዌት ላለች እህቷ። ሁሉም ለአረፋ፣ ሁሉም "አደራ ባሂራ፣ ቦታ እንዳያልቅ!" እኔም እቆርጣለሁ። እግሬ አብጧል። አልሃምዱሊላህ።

ፈቲሀ ስለ ፈቃዱ እስካሁን አልነገረችኝም። ለዒድም እንደ ወትሮዋ በሰው እጅ ሻሽ አልላከችልኝም። ከባህሬን የሚመጣ ሰው አጥታ ይሆናል።

ሚያዝያ 2

ለከድጄ የጓንዡ ትኬት ቆረጥኩላት። የዚህ ጉዞ ማይል ሲጨመርበት የፈቲሀ ትኬት ሞላ ማለት ነው።

ቀጥታው በረራ ሁለት ሻንጣ ነው። ሌላ ኮድሼር አገኘሁላት፤ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ያርፋል፣ ግን ሦስት ሻንጣ ይፈቅዳል። ኮድሼር ሲባል ሰዎች ግራ ይገባቸዋል። ትኬቱን የሚሸጥልህ አንዱ አየር መንገድ፣ የሚያበርህ ሌላው ነው። መናኸሪያ ላይ ከአንዱ ማህበር ትኬት ቆርጠህ የሌላው ማህበር ሚኒባስ ላይ እንደምትጫነው ነው እላቸዋለሁ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከድጄ ግን አመነታች። "ቀጥታው አይሻልም? ወገቤን ያመኛል።"

"ሦስት ሻንጣ እኮ ነው! ወገብሽን ተይው፣ መጋረጃሽን አስቢ።"

ሳቀችና ተስማማች። ሰው በኪሎ ይደሰታል። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ሻንጣ ተጨመረልህ ተብሎ ያኮረፈ ደንበኛ አላየሁም።

ሚያዝያ 9

የእትዬ አሚኔ ልጅ ሙሀመድሰይድ ከደቡብ አፍሪካ ገባ። የአረፋ የመጀመሪያው እንግዳ። እትዬ አሚኔ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ገና በሩ ሲንኳኳ "ባሂራን ጥሩ!" አሉ። በሰፈራችን ሻንጣ የምከፍተው እኔ ነኝ። ቁልፉንም ዚፑንም እችልበታለሁ፤ እጄም ቀላል ነው፤ ለማን ምን እንደሚደርስ በዓይኔ መዝኜ አከፋፍላለሁ፣ ማንም ቅር አይለውም። ከሳሎኑ እስከ ደጃፉ ሰው ሞልቷል። አንዱን ሻንጣ ስከፍት ጫማ፣ ሌላውን ስከፍት ብርድ ልብስና ሽቶ። "ይሄ ለአክስቱ! ይሄ ለኢማሙ!" እያልኩ። ሲያልቅ ሁለት ሰዎች ምንም አልደረሳቸውም ነበር። ሙሀመድሰይድ የለበሰውን ጃኬት አውልቆ ለአንደኛው ሰጠ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን በሸሚዝ ብቻ ደጅ ወጥቶ ብዙ ቆየ፤ ሙቀቱ ይሆናል።

ስወጣ ከበሩ ጥግ አንዷ "የባሂራ ልጅ ስትመጣስ? ባህሬን ወርቅ ነው!" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "እናቷ ሦስት ሻንጣ አስፈቅዳላታለች አሉ" አለች። እኔ ነኝ የተናገርኩት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ቤቴ ገብቼ ቆጮ ቆረስኩ። ለአንድ ሰው ቆጮ መቁረስ አልለመድኩም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። በግድግዳው በኩል የነሱ ሳቅ ይሰማኛል። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግኩት፤ ከዚያ ዘጋሁትና ሳቁን ሰማሁ።

ለፈቲሀ ደውዬ ሁሉንም ተረኩላት፤ ጫማውን፣ ሽቶውን፣ የጃኬቱን ነገር። ትስቃለች ብዬ ነበር። "ጃኬቱን አውልቆ?" አለች፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ባትሪዋ ሊያልቅ ነው አለች።

ሚያዝያ 12

ከድጄ ሄደች። መብራት የለም። ፈቲሀ አላነሳችም።

ሚያዝያ 16፣ አርብ

ገበያ። ዛሬም ብዙ ቆረጥኩ። አንድ አባት "አንቺ ባትኖሪ ልጆቻችን እንዴት ይመጡ ነበር?" ብለው መረቁኝ። ቢሮው ሲዘጋ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደክሞኝ ነው።

ሚያዝያ 24

ከድጄ ተመለሰች፤ ማይሏን ከፍተን አየን። የተመዘገበላት ሩቡ ብቻ ነው።

ሩቡ! እንደ ኮድሼር ባለ የሽርክና በረራ ላይ እንደ ትኬቱ ደረጃ ማይሉ እንደሚቀነስ ለደንበኛ ሁሉ የማስረዳው እኔ ነኝ። ከድጄን በርካሹ ደረጃ አስቀምጬ ሻንጣውን ብቻ አየሁ። ደረጃውን ሳላይ! ሃያ ዓመት የሠራ ሰው! አንድ ልጅ አለችኝ፤ የሷን ትኬት ለመጋረጃ ሸጥኩት።

ከድጄ አልተቆጣችም። "ወገቤም ታመመ፣ ማይሉም ቀረ፤ መጋረጃው ግን አማረ" ብላ ቀለደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 26

ሀጂ አብዱልሃፊዝ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። "የኔ ይሁን፣ ተራ እንቀያየራለን" አሉ። አላህ ይስጣቸው። የማይል ሒሳባቸው የይለፍ ቃል ግን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጃቸው ሙሀይሚን ዘንድ ነው፤ በስልክ ቢነግረኝም አልከፍት አለ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣው እሱ ስልክ ላይ ነው፣ እስኪያነብልኝ ጊዜው ያልፋል። ነገ ወልቂጤ።

ሚያዝያ 27

ሄጄ መጣሁ። ሙሀይሚን ሻይ ጋበዘኝ፤ ትሁት ልጅ ነው። ግቢው በር ላይ የፈቲሀ እኩያዎች ደብተር ታቅፈው ይወጣሉ። "እርስዎም ተማሪ አለዎት?" አለኝ። "አዎ" ብዬ ዋሸሁት። ለምን ዋሸሁ?

ግንቦት 1

ሒሳቡ ተከፈተ፣ ማይሉ በቂ ነው፣ ወንበር የለም። በነጻ ትኬት የሚሰጠው ወንበር በእያንዳንዱ በረራ ጥቂት ነው። ከባህሬን አዲስ አበባ፣ እስከ አረፋ ያለውን ቀን ሁሉ አየሁ፤ አልቋል። በሪያድ፣ በዱባይ እያዞርኩ ሞከርኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ የሚገቡትም ጢም ብለዋል። የሞላኋቸው እኔ ነኝ። የእንሴኖው ልጅ፣ የኩዌቷ እህት፣ በእጄ አንድ በአንድ አስገባኋቸው። ኮድሼሩ ላይ ወንበር አለ፤ እሱን ግን በኛ ማይል አይሰጡም፤ በገንዘብ ብቻ ነው፣ ዋጋው ደግሞ አይቀመስም።

ስክሪኑን እያየሁ ሳቄ መጣ። የሰው ልጅ ሁሉ እያስገባሁ የራሴን በር ላይ አስቀረሁ።

ግንቦት 3

ለፈቲሀ ነገርኳት። "አይ እማዬ፣ አትጨነቂ፤ ሌላ ጊዜ ይሆናል" አለች። ቶሎ አለች። እንዲህ ቶሎ መልሳልኝ አታውቅም። ልታጽናናኝ ብላ ነው።

ግንቦት 6

ተከፈተ! አንድ ወንበር! ሰው ሰርዞ ይሁን፣ አየር መንገዱ ጨምሮ ይሁን፣ ብቻ ከአረፋ ሁለት ቀን በፊት የሚገባ። ያዝኩት። እስከ ግንቦት 8 ማታ ይቆይልኛል። የፓስፖርቷ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው፤ የድሮው ጊዜው አልፏል፣ እዚያ ኤምባሲ አሳድሳለች። "ቁጥሩን ላኪልኝ" ብዬ ጻፍኩላት። "እሺ" አለች።

ለእትዬ አሚኔ ነገርኳቸው። ለሰፈሩ ነገርኩ።

ግንቦት 7

አልላከችም። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሦስተኛ ሻንጣም እንደፈቀዱላት ጨምሬ ጻፍኩ፤ እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ያሉትን የአየር መንገዱን ሰዎች ተለማምጬ ነው ያስፈቀድኩት።

ግንቦት 8

ከሰዓት ደወለች። ምስል ከፍታ። ከስታለች። ጸጉሯ፣ የባለሙያዋ ጸጉር፣ በጨርቅ ተጠምጥሟል።

"ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ሰዓቱ ሊያልፍ ነው" አልኳት። ሰላም እንኳ አላልኩም።

"እማዬ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሻንጣ፣ ሻንጣ ትይኛለሽ። ምን ልጨምርበት?"

አልገባኝም። "እንዴት ምን?"

ጸጉር ቤቱ ከተዘጋ ስድስት ወሩ ነው። ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሳህን ታጥባለች። ከሦስት እንደሷ ካሉ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ይሄን ሁሉ እንደ አየር ሁኔታ ዘገባ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

"እንደ እትዬ አሚኔ ቤት ሁሉም ተቀምጠው ሲጠብቁ ታየኝ። ባዶ ሻንጣ ሲከፈት።"

"ማን ነው ሻንጣሽን የሚከፍተው!" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ ነሽ እማዬ። ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትከፍችው።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እሷም አልዘጋችም፤ ተያየን። ጓዳ ሆነው ጠሯትና ሄደች።

ወንበሩ ማታ ተለቀቀ። ቁጭ ብዬ ሲለቀቅ አየሁት።

ግንቦት 9

አልተኛሁም። የሳህኑ ድምፅ ገና የምሥራቹን የነገርኳት ማታ ነበረ። ሰምቼዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ጎረቤት ነው አልኩ። ስንት ጊዜ ደወልኩላት፣ ስንት ጊዜ ኪሎ አወራሁላት፣ አንድ ቀን "በልተሻል?" አላልኳትም። የሄደች ቀን ገበያ ነበርና ቦሌ እንኳ አልሸኘኋትም፤ ኪሎው እንዳያልፍ ሻንጣዋን መዝኜላት፣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ ተመለስኩ።

ሙሀመድሰይድንም አሰብኩት። ያኔ ደጅ ያቆየው ሙቀት አልነበረም።

ናፈቀችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል አልጻፍኳትም፣ አልተናገርኳትም። ናፈቀችኝ፣ ልጄ ናፈቀችኝ።

ግንቦት 10

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ሳላስበው አቅጣጫውን አዙሬ ፈለግኩ። ከአዲስ አበባ ባህሬን፣ የአረፋ ዋዜማ ማታ። ወንበር ሞልቷል። ሁሉም የሚመጣ ነው፤ ማን ይሄዳል?

ለዑምራ ብዬ ያወጣሁት ፓስፖርት አለ። አንድ ማህተም አልተመታበትም። ሃያ ዓመት ትኬት ስቆርጥ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ርዕስ እቀይራለሁ።

ፈቲሀ ጋር ደወልኩ። "በልተሻል?" አልኳት መጀመሪያ። "ሩዝ" አለች። "እኔ ልምጣ?" አልኳት።

"የት? እዚህ? እማዬ፣ አልጋዬ እኮ አንድ ሰው ነው የሚይዘው!"

"ካንቺ ጋር ጠቦኝ ያውቃል?"

አለቀሰች። ከዚያ ነይ አለች። አንድ ጊዜ አይደለም ያለችው።

ግንቦት 11

ሀጂን አስፈቀድኩ። እጣው ወደ ሀገር ለማምጣት ነው ብለው ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ ነበር። "እጣው ያንቺ ነው፤ እቁቡ አቅጣጫ አይመርጥም" አሉኝ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና "እኛ ለምን አንድም ቀን በዚያ አቅጣጫ አላሰብነውም?" አሉ። የእሳቸውም ልጅ ውጭ ነው።

ትኬቱን ቆረጥኩ። የተጓዥ ስም የሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ግንቦት 15

ቪዛው መጣ። ከድጄ ከሁሉም ቀድማ ትልቁን ሻንጣዋን አምጥታ ሳሎኔ መሃል ገተረችው። "ሁለት ይፈቀድልሻል አይደል? ሌላውንም ላምጣልሽ።"

ግንቦት 17

እትዬ አሚኔ ቅቤ በጣሳ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው፣ ሚጥሚጣ፣ አይብ ሳይቀር ይዘው መጡ። ሰፈሩም ያለውን ያመጣል። ሳሎኑ ሞላ። የከድጄን ሻንጣ ከፈትኩና መደርደር ጀመርኩ፤ እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ግማሽ ሲደርስ ታየኝ። ፈቲሀ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ጓደኞቿ አልጋ ላይ ተቀምጠው እያዩ፣ እኔ ሻንጣ ስከፍት።

አንድ በአንድ መልሼ አወጣሁት።

"ምን ሆነሻል?" አሉ እትዬ አሚኔ።

"ምንም አልይዝም እትዬ።"

"ባዶ እጅሽን? ወላሂ ሰው ይስቃል! እናት ወደ ልጇ ባዶ እጇን?"

"እኔ ባዶ እጄን ከሄድኩ እሷም ባዶ እጇን መምጣት ትችላለች።"

እትዬ አሚኔ የቅቤውን ጣሳ እቅፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ተቀመጡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያኔ ሻንጣው ከተከፈተ በኋላ ሙሀመድሰይድ ሁለት ቀን አላወራኝም ነበር" አሉኝ።

ግንቦት 18

መንገድ ላይ። ሚኒባሱ ይነቀንቃል፣ ጽሑፌ ተበላሽቷል።

ሹፌሩ አወቀኝ። "ባሂራ! ዛሬ ወደ አዲስ አበባ? ሰው ሁሉ ወደዚህ እየመጣ!" አለ። ወደ ላይ የምንሄደው አራት ሰዎች ነን። ወደ ታች የሚመጣው ግን አያልቅም፤ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣ፣ ፍራሽ፣ ቴሌቪዥን ታስሮ። ቡኢ ላይ መንገድ ጠቦ ፊት ለፊት ቆምን። የእንሴኖው ልጅ፣ ያ የሪያዱ፣ በመስኮት አየኝና እጁን አወዛወዘ። ፎቶውን ፓስፖርቱ ላይ ነው የማውቀው፤ እሱ እንዴት አወቀኝ? ወንድሞቹ ነግረውት ይሆናል። እኔም አወዛወዝኩለት። እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ።

ማታ፣ ቦሌ

ደርሼ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያለው ሰው አራት ሻንጣ ያወርዳል፣ ያወጣል፣ ይበልጣል ይሉታል፣ እንደገና ያወጣል። እኔ የእጅ ቦርሳዬ ብቻ፤ ውስጡ ፓስፖርቴ፣ ይሄ ደብተርና መነጽሬ። ፈርቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል።

ተራዬ ሲደርስ ወጣቷ ሠራተኛ ቀና ሳትል "ሻንጣዎን ሚዛኑ ላይ ያድርጉልኝ" አለች።

"የለኝም።"

አየችኝ። ከኋላዬ፣ ከጎኔ ፈለገች። "ምንም? ሁለት ይፈቀድልዎታል እኮ፣ እናቴ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።